ጠባሳ አልቆም ሲል፦ ከማስቆረጣችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በዚህ ወር የጤና ገጻችን የምናነሳው ጉዳይ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ግን ብዙም የማይወራ ነው።

ልጅቷ ጆሮዋን ትበሳለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ከቀዳዳው ጀርባ ጠንከር ያለች ነገር ብቅ ትላለች፤ መጀመሪያ ምስር፣ ቀጥሎ ሽምብራ፣ ቆይቶ ባቄላ ታክላለች። እናት "ይጠፋል፣ አትነካኪው" ትላለች፤ ልጅቷ ደግሞ ፀጉሯን ጆሮዋ ላይ መልቀቅ ትጀምራለች። በሌላ ቤት ልጁ ማጅራቱን ዝቅ አድርጎ በተላጨ ቁጥር ጠንካራ ጉብታዎች ይወጡበታል። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ደግሞ ዓመት ካለፈም በኋላ ጠባሳዋ ያሳክካታል፣ ቀበቶ ሲነካው ያማታል፤ ግን "ለጠባሳ ሐኪም ቤት ይኬዳል እንዴ?" ብላ ዝም ትላለች።

አዎ፣ ይኬዳል። ሕክምናም አለው። ነገር ግን ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኬሎይድ የሚባለውን ጠባሳ ቆርጦ ብቻ መተው፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደገና እንዲበቅል መጋበዝ ነው። አንዳንዴም ከበፊቱ በልጦ ይመጣል። ለምን እንደሆነ እንይ።

ጠባሳ ሁሉ አንድ አይደለም

ቆዳችን ሲቆስል ሰውነታችን ኮላጅን የሚባል ክር መሰል ነገር እያመረተ ቁስሉን ይጠግናል። ቁስሉ ሲዘጋ ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጠባሳውም እየለሰለሰና እየሳሳ ይመጣል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን "በቃ፣ ድኗል" የሚለው መልእክት በጊዜው የደረሰ አይመስልም። ኮላጅኑ መከመሩን ይቀጥላል፣ ጠባሳውም ከቆዳው በላይ ይነሳል።

ይህ ዓይነቱ ከፍ ያለ ጠባሳ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሐኪሞች ሃይፐርትሮፊክ የሚሉት ነው። ቁስሉ በዳነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያብጣል፣ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ግን ከቀድሞው ቁስል ድንበር አያልፍም። በወራትና በዓመታት ውስጥ በራሱ ሊቀንስ ይችላል። ከቃጠሎ በኋላ ብዙ ጊዜ የምናየው ይህን ነው።

ሁለተኛው ኬሎይድ ነው። ኬሎይድ ድንበር አያውቅም፤ ቁስል ያልነበረበትን ጤነኛ ቆዳ ጭምር እየያዘ ይሰፋል። ቁስሉ ከዳነ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ሊጀምር ይችላል፤ በራሱም የሚጠፋው ከስንት አንዴ ነው። ስሙ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን የሸርጣን ጥፍርን ያመለክታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስሙን የሰጠው አሊቤር የተባለ ፈረንሳዊ የቆዳ ሐኪም ነው፤ ጠባሳው ወደ ጎን እንደ ሸርጣን እግር ሲዘረጋ አይቶ ነው።

በቤት ውስጥ ለመለየት የሚረዳ ጥያቄ አለ፦ የመጀመሪያው ቁስል ምን ያህል ነበር? ጠባሳው አሁን ከዚያ ካለፈ ኬሎይድ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ሕክምናውም የመመለስ ዕድሉም ስለሚለያይ ነው።

ኬሎይድ ካንሰር አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ነገር ግን ቁስል ሳይኖር የወጣ፣ የሚደማ ወይም በፍጥነት መልኩን የሚቀይር እብጠት ካለ "ኬሎይድ ነው" ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይየው።

ለምን እኛ ላይ ይበዛል?

ኬሎይድ ማንኛውም ሰው ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ግን በብዛት ይታያል። በዘርም ይሄዳል። እናት፣ አባት፣ አክስት ወይም አጎት ካላቸው የልጁ ዕድልም ከፍ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ማለትም ልጆች ስለ መልካቸው በጣም በሚጨነቁበት ጊዜ። በእርግዝና ወቅትም ሊያድግ ይችላል። የሚወዳቸው ቦታዎች ጆሮ፣ ደረት መሃል፣ ትከሻ፣ የላይኛው ክንድ፣ ጀርባና አገጭ አካባቢ ናቸው።

ልጆች "እማዬ፣ ክንድሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?" ብለው ጠይቀው ያውቃሉ? ብዙዎቻችን ክንድ ላይ ያለው ክብ ምልክት በሕፃንነታችን የተወጋነው የቲቢ ክትባት፣ ማለትም የቢሲጂ ምልክት ነው። አሜሪካ ለሕፃናት በመደበኛነት ስለማይሰጥ እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን የላቸውም። ያ ምልክት ሰርጎ የቀረ ወይም ዝርግ ከሆነ ተራ ጠባሳ ነው። ከፍ ብሎ፣ ጠንክሮ፣ ወደ ጎን ከሰፋ ግን ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ለልጆቻችሁ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ ዝንባሌው በቤተሰቡ ውስጥ አለ ማለት ነውና።

ከፍ ያለ ጠባሳ ሁልጊዜ እንደ ነውር የሚታይም አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሱርማና ሙርሲ ቆዳቸውን ሆን ብለው በመብጣት ጠባሳን ለጌጥ ይጠቀሙበታል። ነገሩ ጌጥም ይሁን ችግር፣ መወሰን ያለበት ባለቤቱ ነው። የማያም፣ የማያሳክክ፣ የማያድግና ባለቤቱን የማያስጨንቅ ጠባሳ የግድ መታከም የለበትም።

ምን ምን ሕክምና አለ?

ሲሊከን። በጄል ወይም በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ስስ ፕላስተር መልክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፋርማሲ ይገኛል። የሚደረገው ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። ፕላስተሩ በቀን 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ ቢያንስ ለ2 ወይም 3 ወር መቆየት አለበት። አዲስ ጠባሳ እንዳያብጥ ለመከላከል ይረዳል፤ ለቆየና ለገነነ ኬሎይድ ግን ብቻውን አይበቃም። ሳምንት ሞክረው "አልሠራም" ብለው የሚጥሉት ብዙ ናቸው።

መርፌ። አብዛኛውን ጊዜ ለኬሎይድ መጀመሪያ የሚታዘዘው ይህ ነው። ትራያምሲኖሎን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት ጠባሳው ውስጥ ይወጋል። በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ይደገማል፤ አንዴ ተወግቶ የሚያበቃ አይደለም። ማሳከኩና ሕመሙ ቶሎ ሊቀንስ ይችላል፣ ጠባሳውም እየለሰለሰ ዝቅ ይላል። እውነቱን ለመናገር መርፌው ያማል፣ ኬሎይድ ጠንካራ ነውና። ማደንዘዣ እንዲደረግላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። በተወጋበት ቦታ ቆዳው ሊሳሳ፣ ሊሰረጉድ ወይም ሊነጣ ይችላል። መንጣቱ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ግን ጎልቶ ስለሚታይ አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ስኳር በሽታ ያለበት ሰውም ይናገር፣ ስቴሮይድ ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

መርፌው ብቻውን ካልሠራ ሐኪሙ ፋይቭ ኤፍ ዩ የተባለ መድኃኒት ሊቀላቅልበት ይችላል። ይህ መድኃኒት ለካንሰርም ስለሚያገለግል ስሙን ኢንተርኔት ላይ ያየ ሰው ይደነግጣል። እዚህ የሚሰጠው ጠባሳውን የሚያሳድጉትን ሕዋሳት ለመግታት ነው እንጂ ካንሰር ስለተገኘ አይደለም። እርጉዝ ሴት ግን መውሰድ የለባትም።

ማቀዝቀዝ። ፈሳሽ ናይትሮጅን ጠባሳውን አቀዝቅዞ ይጎዳዋል። ለትናንሽ ኬሎይዶች ከመርፌ ጋር ይሠራል። ለኛ ቆዳ ዋናው ጉዳቱ ቦታውን ማንጣቱ ነው፤ አንዳንዴም ቀለሙ ሳይመለስ ይቀራል።

ማጥበቅ። ከጆሮ ኦፕራሲዮን በኋላ ጆሮን ቆንጠጥ አድርጎ የሚይዝ ልዩ ጉትቻ አለ፤ ለወራት በቀን ብዙ ሰዓት ይደረጋል። ለሰፊ የቃጠሎ ጠባሳ ደግሞ በልክ የተሠራ ጠባብ ልብስ ይታዘዛል።

ሌዘር። መቅላቱን፣ ማሳከኩንና ጥንካሬውን ሊቀንስ ይችላል፤ ኬሎይድን ብቻውን ያጠፋል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ በተሳሳተ ዓይነት ወይም መጠን ከተሠራ ቆዳውን ሊያቃጥልና ቀለሙን ሊቀይር ይችላል። "እንደኔ ዓይነት ቆዳ ላይ ምን ያህል ጊዜ ሠርተዋል?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ መብት ነው።

ቢላው ብቻውን ለምን አይበቃም?

ቁርጥ ያለው ነጥብ እዚህ ነው። ኬሎይድን በኦፕራሲዮን ማንሳት ይቻላል፤ ግን ኦፕራሲዮኑ ራሱ አዲስ ቁስል ነው። ያው ሰው፣ ያው ቆዳ፣ ያው ዝንባሌ። በሕክምና ጽሑፎች በብዛት የሚጠቀሰው አኃዝ፣ ያለ ሌላ ሕክምና የተቆረጠ ኬሎይድ ከ45 እስከ 100 በመቶ ይመለሳል የሚል ነው።

ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ከመቁረጡ በፊት ከቁረጣው በኋላ ያለውን ያቅዳል። ብዙ ጊዜ የስቴሮይድ መርፌ ለወራት ይከተላል፤ ጆሮ ከሆነ የሚያጠብቀው ጉትቻ ይታከላል። ለሚመላለስ ከባድ ኬሎይድ ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት አንድ ወይም ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጀመር አጭር የጨረር ሕክምና አለ፤ የመመለስ ዕድሉን በጣም ይቀንሳል። ጨረር ለልጆችና ለእርጉዞች ግን የሚመከር አይደለም።

ይህን የምናነሳው በምክንያት ነው። "በክረምት አገር ቤት ስንሄድ እዚያው እናስቆርጠዋለን" የሚል እቅድ ብዙ ቤት አለ። ዋጋው ይቀላል፣ ቋንቋው የራሳችን ነው፣ ዘመድም አለ። ችሎታም ቢሆን አይጠፋም። በ1965 እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያ ለማሠልጠን የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርት ዛሬ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ የካቲት 12 ሆስፒታልም በቃጠሎና በፕላስቲክ ሰርጀሪ ይታወቃል። ችግሩ ያለው ካላንደሩ ላይ ነው። አንድ ወር ለእረፍት የሄደ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ቢቆረጥና ስፌቱ እንደወጣ ቢመለስ፣ የሚቀጥለውን መርፌ ማን ይወጋዋል? እዚህ አዲስ ሐኪም ለማግኘት ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ጠባሳው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። እዚያ ለመታከም ካሰባችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ ክትትል የሚያደርግላችሁን ሐኪምና የቀጠሮ ቀን ያዙ። የተሠራላችሁንም በጽሑፍ ይዛችሁ ተመለሱ።

ሌላም ነገር ግልጽ ይሁን። የሕክምናው ግብ ጠባሳውን ዝቅ ማድረግ፣ ማለስለስ፣ ማሳከኩንና ሕመሙን ማስቆም ነው። ምንም ምልክት እንዳይቀር አደርጋለሁ የሚላችሁን ተጠራጠሩ።

የማይደረጉ ነገሮች

ነጭ ሽንኩርት ወይም ሎሚ መለጠፍ ቆዳን ያቃጥላል፤ አዲስ ቁስል ማለት አዲስ ኬሎይድ ነው። በክር አስሮ እንዲወድቅ ማድረግ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። በመርፌ መውጋት፣ በምላጭ መቁረጥ፣ ምን እንዳለበት የማይታወቅ የማንጫ ክሬም መቀባት ሁሉም ነገሩን ያባብሳሉ።

መከላከል ይቀላል

ጆሮ መበሳት። በቤተሰባችሁ ኬሎይድ ካለ አለመበሳት ይሻላል። በ2005 እ.ኤ.አ. ፒዲያትሪክስ በተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ኬሎይድ ከ11 ዓመት በፊት ከተበሱት ይልቅ ከዚያ በኋላ በተበሱት ላይ በዝቶ አግኝቷል። አገር ቤት በሕፃንነቷ ተበስታ ምንም ያልሆነች እናት፣ የ14 ዓመት ልጇ ስትበሳ ሌላ ውጤት ልታይ ትችላለች ማለት ነው። ጠንካራው የላይኛው የጆሮ ክፍል በተለይ ይጠንቀቁበት።

ንቅሳት። የአያቶቻችን የአንገት ንቅሳት ያምራል፤ መርፌው ግን ያው መርፌ ነው። በካሊፎርኒያ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መነቀስ ወላጅ ቢፈቅድም ሕገ ወጥ ነው።

ማጅራት። ፀጉር ቤት "በምላጭ አትንካው፣ ትንሽ አስቀርለት" በሉ። የማጅራት ጉብታ ሲጀምር በቅባትና በመርፌ ሊገታ ይችላል፤ ከገነነ በኋላ ግን ያስቸግራል።

ቃጠሎ። ጀበና፣ ትኩስ ዘይትና የፈላ ሽሮ የወጥ ቤታችን አደጋዎች ናቸው። ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ አድርጉበት፤ በረዶ፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አይደረግም። ለመዳን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያለፈው ቃጠሎ ወደ ከፍተኛ ጠባሳ የመሄድ ዕድሉ ይጨምራል። ሳን ሆዜ የሚገኘው ሳንታ ክላራ ቫሊ ሜዲካል ሴንተር የቃጠሎ ማዕከል አለው፤ ሳክራሜንቶ ያለው ሽራይነርስ ደግሞ የተቃጠሉ ልጆችን ቤተሰቡ የመክፈል አቅም ባይኖረውም ያክማል።

ኦፕራሲዮን። ለእንቅርትም ሆነ ለወሊድ ኦፕራሲዮን ከመግባታችሁ በፊት "ኬሎይድ ያወጣኛል" ብላችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ አሰፋፉንና የኋላ ክትትሉን ቀድሞ ያስብበታል።

ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ

መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ቤተሰብ ሐኪም ወይም ወደ ልጆች ሐኪም ነው፤ ከዚያ ወደ ቆዳ ሐኪም ሪፈራል ይጻፋል። ጠባሳውን በየወሩ ከጎኑ ሳንቲም አስቀምጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ማደጉን ከቃል በላይ ያሳያል።

"ሲያዩት ያስጠላል" ብላችሁ ብቻ ከተመለሳችሁ ኢንሹራንሱ "የውበት ጉዳይ ነው" ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ያለውን ሁሉ ተናገሩ፦ ያማል? እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ አለው? አንገት ወይም ክንድ ማንቀሳቀስ ይከለክላል? ይቆስላል? ልጁ ትምህርት ቤት ይሰደብበታል? ሐኪሙም ይህን በጽሑፍ እንዲያሰፍረው ጠይቁ። የካሊፎርኒያ ሕግ ጤነኛን አካል ለውበት ማሳመርንና በጉዳት ወይም በበሽታ የተበላሸን አካል መልሶ መጠገንን ይለያቸዋል። ኢንሹራንሱ እምቢ ካለ እምቢታውን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ይግባኝ ጠይቁ። ካልሆነም የካሊፎርኒያ ማኔጅድ ሄልዝ ኬር መሥሪያ ቤት በ1-888-466-2219 በነጻ ይረዳል፤ ጉዳዩን ገለልተኛ ሐኪሞች እንዲያዩት ማድረግም ይችላል።

ኢንሹራንስ ለሌላቸው ልጆች፦ ከ2016 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ19 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ የቤተሰቡ ገቢ በተወሰነው ልክ ከሆነ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀታቸው ምንም ይሁን ምን ሙሉ ሜዲ-ካል ማግኘት ይችላሉ። ኦክላንድ ሃይላንድ ሆስፒታል፣ ሳን ሆዜ ደግሞ ቫሊ ሜዲ-ካል ይቀበላሉ።

ቋንቋን በተመለከተ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ ስለ እናቷ ሆድ ጠባሳ ማስረዳት የለባትም፤ የፌዴራል ደንቡም ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሐኪም ቤቶች ልጆችን እንዲያስተረጉሙ አይፈቅድም። ቀጠሮ ስትይዙ "አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በሉ። ሜዲ-ካል ላላችሁ በነጻ ነው።

ለሐኪሙ የምታቀርቧቸው አምስት ጥያቄዎች፦

1. ይህ ኬሎይድ ነው ወይስ ሃይፐርትሮፊክ ጠባሳ?
2. ስንት ጊዜ መምጣት አለብን? በየስንት ሳምንቱ?
3. የቆዳዬን ቀለም ይቀይረዋል?
4. ከተቆረጠ በኋላ ምን ይከተላል? ማን ይከታተለዋል?
5. ቢመለስ ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው?

ለልጆች

ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ጠባሳ ማለት ሰውነታችሁ ቁስሉን የሰፋበት ክር ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ሰውነቱ መስፋቱን ቶሎ አያቆምም፤ ያ ሰው ምንም ጥፋት አላጠፋም። ነክታችሁት አይተላለፍባችሁም። ክፍላችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ትኩር ብላችሁ አትዩት፣ አትሳቁበት፤ አብራችሁት ተጫወቱ። የእናንተ ጠባሳ ካሳከካችሁ ወይም ካሳፈራችሁ ደግሞ አትደብቁት፣ ለእማማ ወይም ለአባባ ንገሩ። ምስር እያለ መንገር ባቄላ እስኪሆን ከመጠበቅ ይሻላል።

ወላጆችም ይህችን የመጨረሻዋን ምክር ያዙ፤ ትንሽ እያለ የታከመ ኬሎይድ ከገነነው ይቀላል። ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፣ የሐኪማችሁን ምክር አይተካም።